ከስሌት ወደ ስልክ፦ በስክሪን ላይ ብሬል መጻፍ

ብሬልን በስሌትና በስታይለስ፣ ማለትም ወረቀት በሚይዝ የብሬል ሰሌዳና ነጥብ በሚወጋ ብዕር፣ የተማረ ሰው ስድስቱን ነጥቦች አይስትም። ስልክ ላይ ሲመጣ ግን እጁ ያታልለዋል። ስሌት ላይ የሚጻፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ፊደሉም ተገልብጦ ይወጋል፤ ወረቀቱ ሲዞር ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። ስልክ የሚዞር ወረቀት የለውም። ነጥብ 1 ስናነብ በምናገኘው በግራ በኩል ይቀመጣል፤ ጽሑፉም ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ብዙ ሰው "ይሄ ነገር አይሰራም" ብሎ የሚተወው እጁ ይህን ለውጥ ሳይለምድ ነው። ስለዚህ እዚህ ከአከፋፈቱ ይልቅ እጁ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንቆያለን። ፐርኪንስ የሚባለውን የብሬል መጻፊያ መኪና የለመደ ሰው ብዙውን ቶሎ ማለፍ ይችላል።

ስልኩን መፈተን

አንድሮይድ ስልኮች ላይ ብሬል ኪቦርድ የመጣው በ2020 ከቶክባክ፣ ማለትም ስክሪኑን በድምፅ ከሚያነበው ፕሮግራም፣ ጋር ነው፤ ያኔ ሲወጣ አንድሮይድ 5 እና ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ ይቀበለው ነበር። አይፎን ላይ ከ2014 ጀምሮ፣ ማለትም ከአይኦኤስ 8 ወዲህ፣ ከአይፎኑ ስክሪን አንባቢ ከቮይስኦቨር ጋር አብሮ አለ። ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ የሚገዛ አፕ የለም።

አንድሮይድ ላይ ዋናው ጥያቄ ስክሪኑ በአንድ ጊዜ ስንት ጣት ይለያል የሚለው ነው። ርካሽ ስልኮች ውስጥ ሁለት ጣት ብቻ የሚለዩ አሉ፤ አምስት የሚለዩ አሉ፤ አስር የሚለዩም አሉ። ከአምስት በታች የሆነውን አትግዙት። ቅ (1-2-3-4-5) እና ይ (1-3-4-5-6) አምስት ነጥብ አላቸው፤ ያለ ይ ደግሞ አማርኛ መጻፍ አይታሰብም።

እዚህ ጅማ፣ መርካቶም ሆነ ፈረንጅ አራዳ ካለ ሞባይል ቤት ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እዚያው አስፈትኑ። ቶክባክ ጠፍቶ፣ የሚያይ ሰው ሴቲንግስ ይክፈት፤ አባውት ፎን ውስጥ ገብቶ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ይንካ። ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ የሚባል አዲስ ክፍል ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ፖይንተር ሎኬሽን የሚለውን ያብራ። አሁን እናንተ የሁለቱንም እጆች ሦስት ሦስት ጣት በአንድ ጊዜ አሳርፉ። ስክሪኑ አናት ላይ፣ በግራ ጥግ፣ ፒ ከሚለው ፊደል ቀጥሎ በዘንባላ መስመር (/) የተለዩ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ፤ ሁለተኛው ቁጥር ስልኩ በአንድ ጊዜ የለየው ትልቁ የጣት ብዛት ነው። 6 ካለ ጥሩ ነው። 5 ካለም ይሰራል፤ ስድስቱም ነጥብ ያሉበት ሴል (የነጥቦቹ ቤት) ብቻ ያስቸግራል። ሲጨርስ ፖይንተር ሎኬሽንን መልሶ ያጥፋው፤ ካልጠፋ መስመሮቹ ስክሪኑ ላይ ይቀራሉ።

ሌላው ፍተሻ የድምፅ ነው። ስልኩ ላይ አማርኛ የሚያነብ ድምፅ ከሌለ የጻፋችሁት አማርኛ በዝምታ ያልፋል፤ እናንተም ኪቦርዱ አልመዘገበም ብላችሁ ያንኑ ፊደል ትደጋግሙታላችሁ። ይህ ከሁሉም ችግር በላይ ሰው የሚያሳስት ነው። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ነጻ የንባብ ሞተር አማርኛ ያነባል። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ለዛ የለውም፤ ግን ፊደሉን በትክክል ይነግራችኋል፤ ለልምምድ ደግሞ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ከጫናችሁት በኋላ ሴቲንግስ ውስጥ ቴክስት ቱ ስፒች የሚለው ክፍል ገብታችሁ እሱን ምረጡ።

ማብራት

አንድሮይድ ላይ፦ ሴቲንግስ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ቶክባክ፣ ከዚያ የቶክባክ ሴቲንግስ። እዚያ ብሬል ኪቦርድ የሚለውን ታገኛላችሁ፤ አዲሶቹ ዕትሞች ብሬል በሚል ክፍል ውስጥ ሰብስበውታል። ሴት አፕ (Set up) የሚለውን ሁለቴ ንኩ፤ ስልኩ የኪቦርዶች ዝርዝር ያመጣል፤ የቶክባክ ብሬል ኪቦርድን አብሩት። አንድሮይድ ማንኛውም አዲስ ኪቦርድ ሲበራ "የምትጽፉትን ሁሉ ሊሰበስብ ይችላል" የሚል ማስጠንቀቂያ ያነባል። የተለመደ ነው፤ እሺ ብላችሁ እለፉ።

ከዚያ የጽሑፍ ሳጥን ያለበት ቦታ ክፈቱ፤ ለመለማመጃ የማስታወሻ አፕ ይሻላል፤ ቴሌግራም ላይ ከተለማመዳችሁ ያልታሰበ ነገር ለሰው ይሄዳል። ሳጥኑን ሁለቴ ንኩ። ከታች ካለው ኪቦርድ ላይ የኪቦርድ መቀየሪያውን ፈልጋችሁ ብሬል ኪቦርድን ምረጡ። ስክሪኑ በሙሉ የብሬል መጻፊያ ይሆናል።

እዚህ ላይ አዲስ ሰው ይደነግጣል፤ እንደ ወትሮው በአንድ ጣት እየዳሰሰ መፈለግ አይሰራም፣ ስልኩ የታሰረ ይመስላል። ስለዚህ ከመግቢያው በፊት መውጫውን ልመዱ፦ ሁለት ጣት ወደ ታች መጥረግ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ማንሸራተት፣ ኪቦርዱን ይደብቀዋል። ሦስት ጣት ወደ ታች መጥረግ ወደ ሌላው ኪቦርድ ይመልሳል። አንድ ፊደል ሳትጽፉ ይህን መግባትና መውጣት እጃችሁ እስኪረጋ ደጋግሙት።

አይፎን ላይ፦ ሴቲንግስ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ቮይስኦቨር፣ ሮተር፤ እዚያ ብሬል ስክሪን ኢንፑት የሚለውን ምልክት አድርጉበት። ከዚያ የጽሑፍ ሳጥን ከፍታችሁ ሁለት ጣት አሳርፋችሁ እንደ ቁልፍ እያዞራችሁ ያንኑ ስም እስክትሰሙ ቀጥሉ። ለመውጣት ሮተሩን ወደ ሌላ ምርጫ ማዞር ነው።

አያያዝ

ሁለት አያያዝ አለ። አንደኛው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ጣቶችን እንደ ፐርኪንስ ቁልፍ በተርታ ማሳረፍ ነው፦ ከመሃል ወደ ግራ 1፣ 2፣ 3፤ ከመሃል ወደ ቀኝ 4፣ 5፣ 6። ፐርኪንስ ለለመደ ሰው ይመቻል። ችግሩ ስክሪኑ መጥበቡ ነው፤ ስድስት ጣት በአንድ መስመር ሲሰለፍ ጎን ለጎን ያሉት ይነካካሉ፣ ስልኩም ይንሸራተታል። ከስሩ እርጥብ ያልሆነ የጨርቅ ፎጣ ወይም የጎማ ምንጣፍ ቁራጭ አድርጉ።

ሁለተኛው፣ ከስሌት ለሚመጣ ሰው የምንመክረው፣ ስክሪኑን ከራስ አርቆ ወደ ውጭ አዙሮ መያዝ ነው። ስልኩ በአግድም ይሁን። ጀርባው ወደ ደረታችሁ፣ ስክሪኑ ፊት ለፊታችሁ ወዳለው ሰው ይዙር። ሁለቱን አጫጭር ጠርዞች በመዳፋችሁ ውስጥ አስገቡ። አውራ ጣቶች ከላይኛው ጠርዝ፣ ትናንሾቹ ጣቶች ከታችኛው ጠርዝ ስልኩን ይደግፋሉ። የቀሩት ሦስት ሦስት ጣቶች ዞረው ስክሪኑ ላይ ይወርዳሉ። የግራ አመልካች ነጥብ 1፣ የግራ መሃል ጣት 2፣ የግራ ቀለበት ጣት 3። በቀኝም እንዲሁ 4፣ 5፣ 6። ከላይ ወደ ታች፣ በግራና በቀኝ፤ ብሬል ሴል ሲነበብ ያለው ቅርጽ ራሱ ነው።

ክርናችሁ አየር ላይ ከተንጠለጠለ በአጭር ጊዜ ትከሻ ይደክማል፤ ጣትም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የጅማ በርጩማ ላይ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ክርንን ጉልበት ላይ ማሳረፍ ጥሩ አቀማመጥ ነው፤ ስልኩ ደረት አካባቢ ይረጋል። ወለሉ ጠንካራ ከሆነ ግን መጀመሪያ አልጋ ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ አያያዙ እስኪለመድ ስልክ ይወድቃል። ሸካራ የጎማ ሽፋን ይረዳል። ጠርዙ ወደ ስክሪኑ ከፍ ብሎ የሚገባ ወፍራም ሽፋን ግን አይሆንም፤ ነጥብ 3 እና 6 ስክሪኑን ሳይሆን ሽፋኑን ይነካሉ። የድምፅ ማጉያውን በመዳፋችሁ እንዳትሸፍኑም ተጠንቀቁ፤ ድምፁ ከታፈነ አያያዙን አንድ ጣት ያህል ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉ።

ስልኩ የትኛውን አያያዝ እንደመረጣችሁ ከዘንበሉ ራሱ ያውቃል። በተኛችሁ ወይም በተደገፋችሁ ጊዜ ግን ይሳሳታል፤ ጠረጴዛ ላይ ያለ መስሎት የነጥቦቹን ተርታ ይቀይራል። ድንገት ሁሉም ፊደል ከተዘበራረቀ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። አንድሮይድ ላይ በብሬል ኪቦርዱ ሴቲንግስ ውስጥ አቀማመጡን ስክሪን አዌይ ብላችሁ ብትወስኑት ችግሩ ይቀራል።

ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ለስልኩ ማሳወቅም ይቻላል። አንድሮይድ ላይ ስድስቱን ጣቶች በአንድ ጊዜ አሳርፋችሁ ማረጋገጫ እስክትሰሙ አቆዩ። አይፎን ላይ መጀመሪያ የቀኙን ሦስት ጣቶች ነክታችሁ አንሱ፣ ወዲያው የግራውን ሦስት አስከትሉ። እጃችሁ ትንሽ ወይም ትልቅ ከሆነ ይህን ሳታደርጉ መጻፍ አትጀምሩ። ስልኩን አስቀምጣችሁ መልሳችሁ ባነሳችሁ ቁጥርም ድገሙት።

መጥረጎቹ

አንድ ጣት ወደ ቀኝ ክፍተት ይሰጣል። አንድ ጣት ወደ ግራ የመጨረሻውን ፊደል ያጠፋል። ሁለት ጣት ወደ ቀኝ አዲስ መስመር ነው። እነዚህ ሦስቱ በአንድሮይድም በአይፎንም አንድ ናቸው። አንድሮይድ ላይ ሁለት ጣት ወደ ግራ ሙሉ ቃል ያጠፋል፤ ሁለት ጣት ወደ ላይ ጽሑፉን ያስረክባል፤ የፍለጋ ሳጥን ውስጥ ከሆናችሁ ፍለጋው ይጀምራል፤ ሦስት ጣት ወደ ላይ ደግሞ የኪቦርዱን ምርጫዎች ይከፍታል። አይፎን ላይ ሁለት ጣት ወደ ላይ ወደ ቀጣዩ ኪቦርድ ያልፋል። ስለዚህ በሁለቱ ስልኮች የሚጽፍ ሰው ይህን አንዱን መጥረግ ለይቶ ይያዝ።

ቀኝ ስንል የጸሐፊው ቀኝ ነው። ስክሪኑ ወደ ውጭ ስለዞረ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያየው ሰው ግራ ይለዋል። የሚያግዛችሁ ወንድም ወይም ልጅ "ተሳስተሃል፣ ወደዚያ ነው" ካለ አትስሙት። ነጥቦቹ ስክሪኑ ላይ በቁጥር ተጽፈው ይታዩታል፤ አቅጣጫውን ትቶ ቁጥሩን ያንብብላችሁ።

ፊደሉ የሚጻፈው ጣቶቹ ሲነሱ ነው። ስለዚህ ለማሳረፍ መቸኮል አያስፈልግም፤ አንድ በአንድ ብታሳርፉም ችግር የለውም። ችግሩ ሲነሱ ነው። አንዱ ጣት ዘግይቶ ሲነሳና ሲንሸራተት ስልኩ መጥረግ ይመስለዋል፤ ያልጠየቃችሁት ክፍተት ይገባል ወይም ፊደል ይጠፋል። ጣቶቹን ቀጥ አድርጋችሁ በአንድ ጊዜ አንሱ።

አማርኛን ማስገባት

ቶክባክ ብሬልን የሚተረጉመው ሊብሉዊ በሚባል ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ሊብሉዊ ውስጥ የግእዝ ፊደል ሰንጠረዥ፣ ማለትም ነጥቦችን ወደ ፊደል የሚቀይር ዝርዝር፣ አለ። ስልካችሁ ላይ ያለው የቋንቋ ዝርዝር ግን እንደ ዕትሙ ይለያያል። አንድሮይድ ላይ የብሬል ሴቲንግስ ውስጥ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ሥር ብሬል በሚለው ውስጥ የቋንቋ ወይም የሰንጠረዥ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ስሙት። አማርኛ ካለ ጨምሩት። ከሌለ ቶክባክንና የስልኩን ሶፍትዌር አድሳችሁ መልሳችሁ እዩ። እስከዚያው በእንግሊዝኛ ሰንጠረዥ፣ ብዙ ሰው በስልክ መልእክት እንደሚያደርገው፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ይቻላል። ረዘም ላለ የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ የጉግል ኪቦርድ ከ2017 ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ይቀበላል፤ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ የግል ነገር ለማውራት ግን አይመችም።

የአማርኛ ብሬል አሠራር ለእጅ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢ ሆኖ ይጻፋል። ሳድሱ ብቻውን ይቆማል፤ ለሌሎቹ አናባቢ ይከተላል፦ ለግዕዙ 2-6፣ ለካዕቡ 1-3-6፣ ለሣልሱ 2-4፣ ለራብዑ 1፣ ለኃምሱ 1-5፣ ለሳብዑ 1-3-5።

ቡና ብለን እንጻፍ። 1-2፣ ብ ይላል። 1-3-6፣ ቡ ይሆናል። 1-3-4-5፣ ን። 1፣ ና። አራት ሴል፣ ሁለት ፊደል። ከዚያ አንድ ጣት ወደ ቀኝ። አንዳንዱ ኪቦርድ ፊደሉን እየተከተለ ያነባል፣ አንዳንዱ ክፍተቱ እስኪገባ ቃሉን አያነብም፤ ዝምታው አያስደንግጣችሁ።

ቀጥላችሁ ሰላም፦ 2-3-4፣ 2-6፣ 1-2-3፣ 1፣ 1-3-4።

በተነባቢና በአናባቢ መሃል ስህተት ከገባ አንዱን ሴል ብቻ ለማረም አትታገሉ። የትኛው እንደጠፋ መለየት ያደክማል፤ ቃሉን በሙሉ አጥፍቶ እንደገና መጻፍ ይፈጥናል።

ሽ፣ ች፣ ኝ፣ ጥ፣ ጭ፣ ጽን የመሳሰሉትን በተማራችሁበት መንገድ አንድ በአንድ ጻፏቸውና ስልኩ ምን ብሎ እንደሚያነብ ስሙ። ሰንጠረዡ ከተማራችሁት የሚለይበት ፊደል ካለ በመጀመሪያው ቀን ታውቁታላችሁ፤ ደብዳቤ መሃል ላይ አይገጥማችሁም።

የሚገለበጡት ፊደላት

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። የስሌት እጅ ግራና ቀኙን ሲያቀያይር አንዳንዱ ፊደል ምንም ትርጉም ወደሌለው ነገር ይለወጣል፤ ያ ወዲያው ይታወቃል። አደገኞቹ ሲገለበጡ ሌላ ትክክለኛ ፊደል የሚሆኑት ናቸው። ከእነሱ ውስጥ አራት ጥንዶች እነሆ፦

ድ (1-4-5) እና ፍ (1-2-4)
ህ (1-2-5) እና ጅ (2-4-5)
ር (1-2-3-5) እና ው (2-4-5-6)
ኤ (1-5) እና ኢ (2-4)

የከተማችንን ስም ጻፉ። ጅማ 2-4-5፣ 1-3-4፣ 1 ነው። ስልኩ በህ ከጀመረላችሁ ስልኩ አልተበላሸም፤ እጃችሁ አሁንም ስሌት ላይ ነው። ፍርድ የሚለው ቃል ከዚህም የበለጠ ፈታኝ ነው፤ ሦስቱም ፊደላት ከጥንዶቹ ውስጥ ናቸው፣ ሦስቱም ሳድስ ስለሆኑ አናባቢ የለም። በትክክል 1-2-4፣ 1-2-3-5፣ 1-4-5። በስሌት እጅ ከተጻፈ ድውፍ ይላል። ወሬ፣ ሄደ፣ ሂጂ፣ ፍሬ፣ ውርድ፤ እነዚህን እየቀያየራችሁ ጻፉ። አንድ ቃል ደጋግሞ መጻፍ ብዙ አይጠቅምም፤ እጅ ቃሉን ይሸመድዳል እንጂ ጎኑን አይለይም።

የሚረዳው ልምምድ ይሄ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት የታወቀ የብሬል ወረቀት ላይ ፊደሉን በጣት አንብቡ። ነጥቦቹ በየትኛው ጎን እንዳሉ ልብ በሉ። ከዚያ ስልኩን አንስታችሁ በዚያው ጎን ጻፉ። የምትጽፉት የምታነቡትን ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከሩብ ሰዓት ያልበለጠ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ከመታገል ይሻላል፤ ጣት ሲደክም የቆየው ልማድ ይመለሳል። ትምህርት ቤት ስሌት መጠቀማችሁን ካልተዋችሁ፣ ሁለቱን በአንድ መቀመጫ አታቀላቅሉ፤ መሃል ላይ ትንሽ አርፉ።

የነጥቦችን ቦታ የሚያገላብጥ ምርጫ ሴቲንግስ ውስጥ ታገኙ ይሆናል። ችግራችሁን የሚፈታ ይመስላል፤ አትንኩት። በሌላ ሰው ስልክ ወይም በፐርኪንስ ስትጽፉ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ሁለተኛው የእጅ ችግር 2-6 ነው። ግዕዙ አማርኛ ውስጥ በየቃሉ ይመጣል፣ እጅ ላይ ግን አስቸጋሪ ነው፦ የግራ መሃል ጣትና የቀኝ ቀለበት ጣት፣ ከፍና ዝቅ ብለው። የቀለበት ጣት ደካማ ስለሆነ ቀድሞ ይነሳል ወይም በጠርዙ ላይ ያርፋል፤ ስልኩ 2ን ብቻ ይይዛል። ሰላም ስትጽፉ ስላም ከሆነ፣ ወይም መሃሉ ላይ ያልጠየቃችሁት ምልክት ከገባ፣ የጠፋው 6 ነው። የቀኝ እጃችሁን ወደ ስክሪኑ መሃል ትንሽ ግፉትና የጣት ቦታውን እንደገና አስመዝግቡ። ለ፣ በ፣ ከ፣ የ፣ ተ፣ ነ፣ ደ፤ እነዚህን ሰባት ፊደላት በተከታታይ ሳትሳሳቱ ከጻፋችሁ ይህ ችግር ከኋላችሁ ቀርቷል።

አፋን ኦሮሞ ለምትጽፉ

ጅማ ውስጥ በቀን አንድ መልእክት በአማርኛ፣ አንዱን በአፋን ኦሮሞ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። ቁቤ ላቲን ስለሆነ የእንግሊዝኛው ሰንጠረዥ ይበቃዋል፤ አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ። ደረጃው ቃል የማያሳጥረው፣ ማለትም ግሬድ 1 ይሁን። ግሬድ 2 ላይ ከሆነ ብቻውን የቆመ ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል ይሆናል፤ 1-2 ብቻዋን "በት" (but) የሚለውን ቃል ትጽፋለች። ቁቤ ላይ ድርብ ፊደልና ረጅም አናባቢ ትርጉም ስለሚለውጡ እያንዳንዱን ፊደል ሳታሳጥሩ ጻፉ። ሁድሃ፣ ማለትም የቁቤዋ ጭረት (')፣ ነጥብ 3 ናት። ትልቅ ፊደል ከፈለጋችሁ ከፊቱ ነጥብ 6 ይቅደም።

አማርኛና እንግሊዝኛ ሁለቱም ከተጨመሩ በኋላ አንድሮይድ ላይ ሦስት ጣት ወደ ላይ ጠርጋችሁ ከምርጫዎቹ ውስጥ ትቀያይራላችሁ። የጻፋችሁት በሙሉ ትርጉም ካጣ መጀመሪያ የትኛው ቋንቋ ላይ እንዳላችሁ እዩ።

ስልኩ ራሱ የሚያደናቅፍበት

ቴክኖና ኢንፊኒክስን በመሳሰሉ ስልኮች ላይ ሦስት ጣት መጥረግ የስክሪን ፎቶ ያነሳል። ይህ ካልጠፋ ከብሬሉ መጥረግ ጋር ይጋጫል። ሴቲንግስ ውስጥ ጀስቸር በሚለው ክፍል ፈልጋችሁ አጥፉት። ከስክሪኑ ጠርዝ መጥረግ ወደ ኋላ የሚመልስ ከሆነም ወደ ሦስት ቁልፍ አሠራር ቀይሩ፤ ካልሆነ ክፍተት ለመስጠት ስትጠርጉ ከአፑ ትወጣላችሁ።

ክረምት ሲገባ ሌላ ነገር አለ። እርጥብ ስክሪን ጠብታውን ጣት አድርጎ ይቆጥራል፤ ወይም ጣቱን ጨርሶ አይለይም። ከዝናብ ገብታችሁ ወዲያው ለመጻፍ ስትሞክሩ ፊደሉ ሁሉ የሚዘበራረቀው ለዚህ ነው። ስክሪኑንም ጣታችሁንም በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ጥረጉ። የተሰነጠቀ ወይም ሥሩ አየር የያዘ የስክሪን መከላከያም ተመሳሳይ ችግር ያመጣል፤ አንድ ነጥብ ብቻ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ የማይሰራ ከሆነ መከላከያውን አንስታችሁ ሞክሩ። አንዳንድ ርካሽ ቻርጀሮች ስልኩ ላይ ተሰክተው ሳለ ስክሪኑ በራሱ የተነካ ያህል እንዲሰራ ያደርጋሉ፤ ነቅላችሁ ጻፉ።

ቁጥርና የምስጢር ቃል

ቁጥር ለመጻፍ በእንግሊዝኛው ሰንጠረዥ 3-4-5-6 አስቀድሙ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው እስከ አስረኛው ያሉት የላቲን ፊደላት ከ1 እስከ 9 እና 0 ይሆናሉ። 09 ብሎ ለመጀመር 3-4-5-6፣ 2-4-5፣ 2-4። ክፍተት ከሰጣችሁ የቁጥር ምልክቱ ኃይሉ ያበቃል፤ ቀጣዩ ቁጥር ፊደል ሆኖ እንዳይወጣ ምልክቱን ድገሙ። የስልክ ቁጥር ሳይከፋፈል በአንድ ትንፋሽ ቢጻፍ ይቀላል።

ብሬል ኪቦርድ የሚመጣው የጽሑፍ ሳጥን ባለበት ብቻ ነው። የመደወያው የቁጥር ሰሌዳና አንዳንድ የገንዘብ አፖች የራሳቸው ሰሌዳ ስላላቸው ብሬሉን አይጠሩም፤ እዚያ እንደ ወትሮው እየዳሰሳችሁ ነው። ቴሌብርን በ*127# ስትከፍቱ ግን መልስ የሚጻፍበት ሳጥን ይመጣል፤ ብሬል ኪቦርዱ እዚያ ሊያገለግል ይችላል። አይፎን ላይ የመክፈቻ ኮዱንም በብሬል ማስገባት ይቻላል።

ስክሪኑ ወደ ውጭ ስለዞረ የምትጽፉት ፊት ለፊታችሁ ለቆመ ሰው ይታያል። ቡና ቤትም ሆነ ባንክ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ስክሪኑን አጨልሙት፤ ቮይስኦቨር ስክሪን ከርተን ይለዋል፣ ሦስት ጣት ሦስት ጊዜ በመንካት ይበራል፣ በዚያው ይጠፋል። ቮይስኦቨር ላይ ዙም የሚባለው የስክሪን ማጉያ አብሮ ከተከፈተ ግን አራት ጊዜ ነው የሚነካው። ቶክባክ ምርጫዎች ውስጥም ስክሪን ደብቅ የሚል አለ። ስክሪኑ ጨለመ ማለት መጻፉ ቆመ ማለት አይደለም። ድምፁን ደግሞ ወደ አንድ ጆሮ ማዳመጫ አዙሩት፤ ሌላው ጆሯችሁ ለአካባቢያችሁ ክፍት ይሁን።